ጉልላት፦ ከመንዝ ጎጆ አናት እስከ ገና ዛፍ ጫፍ

ታኅሣሥ በገባ ቁጥር አንድ ክርክር ይነሣል። አንዱ «የገና ዛፍ የፈረንጅ ነው፤ ለእኛ ምናችን ነው?» ይላል። ሌላው «ልጆች ይደሰቱበት፤ ምን ከፋ?» ብሎ ይመልሳል። ሁለቱም የሚሟገቱት ስለ ዛፉ ነው። አናቱ ላይ ስለሚቀመጠው ጌጥና ከሥር ስለተቆረጠው ግንድ የሚጠይቅ ግን ጥቂት ነው። የሁለቱንም ታሪክ የፈለገ ሰው ወደ ሰሜን ሸዋ ደጋ መውጣት አለበት።

ዛፉ በርግጥ ከውጭ የመጣ ነው። እ.ኤ.አ. በ1605 የተጻፈ ማስታወሻ፣ የስትራስቡርግ ሰዎች በገና ሰሞን ዛፍ እቤታቸው አቁመው የወረቀት ጽጌረዳ፣ ፖምና ጣፋጭ ይሰቅሉበት እንደነበር ይናገራል። እ.ኤ.አ. በ1848 ደግሞ አንድ የለንደን ጋዜጣ ንግሥት ቪክቶሪያና ባለቤቷ አልበርት ከነልጆቻቸው በዛፉ ዙሪያ የቆሙበትን ሥዕል አተመ። ልማዱ በእንግሊዝና በአሜሪካ የተዛመተው ይበልጡን ከዚያ ወዲህ ነው። በሥዕሉ ላይ በዛፉ ጫፍ የቆመው መልአክ ነው። ዛሬ በብዛት የሚታየው ኮከብ ደግሞ በማቴዎስ ወንጌል ሰብአ ሰገልን የመራው ኮከብ ነው።

ልማዱ ወደ አገራችን ከተሞች ሲገባ የፈረንጁ ዛፍ በሐበሻ ጥድ ተተካ። በረዶው ባዘቶ ጥጥ ሆነ። ኮከቡም ከካርቶን ተቆርጦ በሲጋራ ፓኮ ብርማ ወረቀት ተለበጠ። ቆላ ያለ ሰው በጥጥ የሚያስመስለውን ብርድ መንዝ በእውን ያውቀዋል፤ በታኅሣሥ ሌሊት ሜዳው በውርጭ ነጥቶ ያድራል።

የጥዱ ነገር ከዚህ ይጀምራል። ከደብረ ሲና በላይ፣ ወደ አንኮበር በኩል፣ ወፍ ዋሻ የሚባል ጥንታዊ ደን አለ። ሲወርድ ሲዋረድ እንደመጣው ታሪክ፣ በ15ኛው ክፍለ ዘመን ዐፄ ዘርዐ ያዕቆብ ከወፍ ዋሻ የጥድ ዘር አስመጥተው መናገሻ ላይ አስተክለዋል። ከአዲስ አበባ በስተምዕራብ ያለው የመናገሻ ሱባ ደን ያ ነው ይባላል። እንግዲህ በዚህ ታሪክ ከሄድን፣ ንጉሥ ዘሩን በአደራ ያስተከሉት ዛፍ ነው ለአንድ ሳምንት ጌጥ ሲባል የሚቆረጠው።

ጥድ ዝግ ብሎ የሚያድግ ዛፍ ነው። ጫፉ የተቀጨ ችግኝ ቀጥ ያለ ግንድ ማውጣት ይሳነዋል። በ1986 ዓ.ም. የወጣው የደን አዋጅም ጥድን ከዝግባ፣ ከኮሶና ከዋንዛ ጋር ከመንግሥት ደን እንዳይቆረጥ ከልክሎ ነበር። በመንዝ ሜዳ የቆመ መንገደኛ ይህ ለምን እንዳስፈለገ ማንም ሳይነግረው ይገባዋል። ከባሕር ዛፉ በቀር ራቅ ብሎ ጥድ ከታየ፣ እዚያ ቤተ ክርስቲያን አለ ማለት ነው።

አሁን ወደ አናቱ። ፈረንጅ ለዛፉ ጫፍ ጌጥ ሳያበጅ በፊት፣ የሐበሻ ሰው ለቤቱ ጫፍ ጉልላት ነበረው። የመንዝ ቤት ግድግዳው ድንጋይ፣ ክዳኑ ጓሳ ነው። ክብ ቤት ሲከደን የሣሩ ጫፍ ሁሉ ምሰሶው አናት ላይ ይገናኛል፤ ዝናብም ሰርጎ የሚገባው በዚያች ነጥብ ነው። ስለዚህ አፉ የተደፋ ገንቦ ወይም እንስራ ይጫንበታል። ጉልላቱ ጌጥ ብቻ አይደለም፤ ቤቱን ከመበስበስ የሚያድን ነው። በቤተ ክርስቲያን አናት ላይ ደግሞ መስቀል ይሆናል፤ በጫፎቹም የሰጎን እንቁላል ይሰካበታል። ሰጎን ዓይኗን ከእንቁላሏ እንደማትነቅል፣ አምላክም ከፍጥረቱ ዓይኑን አይነቅልም ብለው አባቶች ያስተምሩበታል።

ከጉልላቱ በታች ያለው ሣርም የራሱ ታሪክ አለው። በ17ኛው ክፍለ ዘመን አስቦና ጌራ የተባሉ የመንዝ አባቶች የጓሳውን ሜዳ ለዘራቸው ከልለው እንዳቆዩት ይነገራል። ስፋቱ 100 ካሬ ኪሎ ሜትር ገደማ ሲሆን ከፍታው ከ3,200 ሜትር በላይ ነው። የተመረጡ አለቆች ሜዳውን ለዓመታት ይዘጉትና ሣሩ ሲደርስ ይከፍቱት ነበር። ክረምት ሊገባ ሲል ደግሞ መልሰው ይዘጉት ነበር። በ1967 ዓ.ም. በመሬት አዋጁ ይህ ሥርዓት ፈርሶ ሥልጣኑ ወደ ገበሬ ማኅበራት አለፈ። ሕዝቡ ግን ጥበቃውን ጨርሶ አልተወም፤ በእድር አደራጅቶ ቀጠለበት። ቀይ ቀበሮና ጭላዳ ዛሬም እዚያ የሚታዩት ለዚህ ነው።

ጎጆን ጎጆ ያደረገው እንግዲህ ይህ ሁሉ ነው፦ ከላይ ጉልላት፣ ከታች ተከልሎ የኖረ ሣር። ዛሬ ቆርቆሮ በጓሳ ክዳን ቦታ እየገባ ነው። ቆርቆሮ ሣር ማጨድ የለበትም፤ አያንጠባጥብም፤ ሰው ቢመርጠው አይፈረድበትም። ሆኖም ገንቦው ከጣሪያው ሲወርድ ቃሉም አብሮ እየወረደ ነው። ከተማ ያደገ ልጅ ጉልላትን የሚያውቀው በቤተ ክርስቲያን ብቻ ነው።

ታዲያ ለገና ዛፉ ጫፍ ከውጭ የመጣ ፕላስቲክ ኮከብ መግዛት ለምን አስፈለገ? ስፌት የምታውቅ እናት ባለችበት ቤት ስንደዶና አክርማ አይጠፋም። እንደ መሶብ ክዳን ሾጠጥ ያለች፣ ክፍቷ ወደ ታች የሆነ ትንሽ ስፌት በአለላ አጊጣ ብትሰፋ፣ ጫፉ ላይ ልክ ትገባለች። ይህች ጉልላት ናት። ላይዋ ላይ መስቀል ወይም ኮከብ መትከል የቤቱ ፈንታ ነው። ደግሞም ገና ድሮም የእጅ ሥራ በዓል ነው፤ የገጠር ልጅ ቆልማማ በትሩን ከጫካ መርጦ፣ ጥንጉን አበጅቶ ነው ሜዳ የሚወርደው።

ዛፉስ? የተቆረጠ ጥድ በጥር ይደርቅና ይጣላል። በቆርቆሮ የተተከለ የጥድ ችግኝ ግን በዓሉን ቤት ውስጥ ያሳልፍና ክረምት ሲገባ ደጅ ይተከላል። ጉልላቷም ተሰቅላ ለከርሞ ትቆያለች።

የመንዝ አባቶች አናቱን ሲሸፍኑ ከሥር ያለውን ሣርም ይጠብቁ ነበር። ክርክሩ የፈረንጅና የሐበሻ መሆኑ ቀርቶ የቆረጠና የተከለ ቢሆን፣ ከጉልላቱ በታች የሚቆም ዛፍ ይኖረን ነበር።

መልካም የልደት በዓል!