በአንድ አዋጅ የሄደ ስም

መስከረም 2 ቀን 1967 ዓ.ም. ጠዋት ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴን ከኢዮቤልዩ ቤተ መንግሥት ይዛ የወጣችው መኪና ቮልስዋገን ነበረች። በሮልስ ሮይስ ሲሄዱ የኖሩ ንጉሠ ነገሥት! በዋዜማው ምሽት ደግሞ የጆናታን ዲምብልቢ የወሎ ረሃብ ፊልም ከቤተ መንግሥት ድግስ ጋር ተቀናብሮ በቴሌቪዥን ታይቷል። ወታደሮቹ ንጉሥን ለማሳነስ ከየት እንደሚጀመር ገብቷቸው ነበር ብዬ አስባለሁ።

እኔን ግን ይበልጥ የሚያሳስበኝ በዚያው ዓመት ሐምሌ 19 በተራው ባለ ቤት ላይ የደረሰው ነው። አዋጅ ቁጥር 47/1967 የከተማ ቦታንና ትርፍ ቤትን የመንግሥት አደረገ። ለአንድ ቤተሰብ አንድ መኖሪያ ቤት ብቻ ተፈቀደ። አነስተኛ ኪራይ ያላቸው ቤቶች ወደ ቀበሌ፣ ውዶቹ ወደ ኪራይ ቤቶች ዞሩ።

አማርኛችን ሰውን በንብረቱ መጥራት ይወዳል፤ ባለ ርስት፣ ባለ ፎቅ፣ ባለ መኪና። ሰፈራችን ውስጥ «ባለ ፎቁ» የሚባሉ ሰው ነበሩ፤ ታሪካቸውን ሽማግሌዎች ሲያወሩ እየሰማሁ ነው ያደግሁት። ከአዋጁ በኋላ ፎቁ ሲሄድ ስማቸውም አብሮ ሄደ። የሚኖሩበት ቤት አልተነካም፣ አልተራቡም፤ ግን ለወራት ከግቢ አልወጡም አሉ። መንገድ ላይ ሰው ምን ብሎ እንደሚጠራቸው ግራ ገብቷቸው ይሆን?

ከእሳቸው አጥር ማዶ አምስት የሚከራዩ ክፍሎች የነበሯቸው እትዬ ነበሩ። የእሳቸውም ተወሰደ። አልቅሰዋል፣ ደርግንም በሹክሹክታ ረግመዋል። በሳምንቱ ግን የተለመደው ቡናቸው ተፈላ። የቀድሞ ተከራዮቻቸው ኪራዩን ለቀበሌ ከፍለው ሲመለሱ እሳቸው ጋ ጎራ ይሉ ነበር፤ ግማሾቹን ሲወልዱ ገንፎ አገንፍተውላቸዋል፣ ሲጣሉ አስታርቀዋቸዋል። ይህን የሚወርስ አዋጅ አልወጣም።

አዋጁ ጥሩ ነበር መጥፎ የሚለው ክርክር ረጅም ነው፤ ዛሬ አልገባበትም። በትንሽ ደመወዝ ሁለት ሦስት ክፍል ለሚከራይ ሰው የኪራዩ መቀነስ ትልቅ እፎይታ እንደነበር ግን መካድ አይቻልም። እኔ የምለው ሌላ ነው። አብዮቱ የድሮውን ሚዛን የሰበረ መስሎት ገልብጦ ተጠቀመበት። ትናንት ቤት ያለው «ጌታዬ» ይባል ነበር፤ በማግስቱ ያው ሰው ያንኑ ቤት ስለነበረው «አድኃሪ» ተባለ። የሁለቱም መለኪያ ያው ቆርቆሮና ድንጋይ ነው። ሰውየው ራሱ ደግ ይሁን ክፉ፣ የጠየቀ የለም።

ዛሬስ? «ገንዘብ ካለ በሰማይ መንገድ አለ» እንላለን፤ ለመንገዱ አልከራከርም፣ ተከራይ ነኝና የኪራይ ቀን ሲደርስ ገንዘብ ምን እንደሆነ አሳምሬ አውቃለሁ። የሚከፋኝ ገንዘብ የሌለው ሰው ራሱን እንደሌለ ሲቆጥር ነው። ኮንዶሚኒየም አልደረሰኝም ብሎ ከጓደኞቹ የጠፋ የዩኒቨርሲቲ ጓደኛ አለኝ። ስልክ አያነሳም። እኔም ብሆን ሠርግ ላይ አንድ ዘመድ «ቤት ሠራህ?» ሲለኝ «በሂደት ላይ ነው» እያልኩ ዓመታት ዋሽቻለሁ። ምን ዓይነት ሂደት እንደሆነ እግዜር ይወቀው።

ባለፈው ጥር እንደገና ተጠየቅሁ። «አልሠራሁም፣ አጎቴ» አልኩና ጥብሱ ሳይቀዘቅዝ ጎረስኩ።