«መደብ»፦ ከቤት ውስጥ መቀመጫ እስከ መዝገብ ዓምድ

ለመሐንዲስ መመደብ የዕለት ሥራው ነው። አፈሩን፣ ድንጋዩን፣ መንገዱንና ሠራተኛውን በየምድቡ ሳይለይ ንድፍ ሊያወጣም ሆነ ዋጋ ሊተምን አይችልም። ይሁን እንጂ ይህን ያህል የምንገለገልበት ቃል በምን መንገድ ተጉዞ ከእኛ ዘንድ እንደ ደረሰ ቆም ብለን የምንመረምርበት ጊዜ ጥቂት ነው። የዚህ ጽሑፍ ዓላማም ያንን ጉዞ በአጭሩ ማመልከት ነው።

መደብ በገጠር ቤት ውስጥ የሚታይና የሚዳሰስ ነገር ነው። ከድንጋይና ከጭቃ ከግድግዳው ጋር ተያይዞ ይሠራል፤ ቀን ይቀመጡበታል፣ ሌሊት ቁርበት አንጥፈው ይተኙበታል። በጓሮም የጎመንና የችግኝ መደብ አለ። የጨርቅን መልክ ስንናገርም «መደቡ ነጭ ነው» እንላለን። በሦስቱም ዘንድ የጋራ የሆነው ሐሳብ ተለይቶ የተወሰነ ስፍራ የሚለው ነው። ከዚሁ ሥር «መደበ»፣ «ምደባ»፣ «ምድብ» የሚሉት ይገኛሉ፤ በጀት ይመደባል፣ ተመራቂ ይመደባል፣ የኳስ ቡድን በምድብ ይደለደላል። «መደበኛ» የምንለውም ከመደቡ ያልወጣውን ነው። የሰዋስው ሊቃውንትም «እኔ»ን አንደኛ መደብ፣ «አንተ»ን ሁለተኛ መደብ፣ «እርሱ»ን ሦስተኛ መደብ ብለው ለተናጋሪው፣ ለሰሚውና ለሚነገርለት ስፍራ ሰጥተዋል።

ጎረቤቶቹ የሆኑት ቃላት ከዚህ ይለያሉ። «ክፍል» አንዱን ነገር ቆርጦ ያካፍላል፤ «ዓይነት» መልክንና ጠባይን ይለያል፤ «ደረጃ» ግን እንደ ትርጉሙ መወጣጫ በመሆኑ አንዱን ከሌላው በላይ ያስቀምጣል። መደብ በራሱ ከፍታና ዝቅታ የለውም። አውሮፓውያን ለዚሁ ጉዳይ የሚጠቀሙበት «ካቴጎሪያ» የተባለው የግሪክ ቃል፣ አርስጣጣሊስ ለፍልስፍና ከመውሰዱ በፊት በሸንጎ የሚቀርብ ክስ ማለት ነበር። የእነርሱ ቃል ከችሎት ሲነሣ የእኛ ከመቀመጫ መነሣቱ ልብ ሊባል የሚገባው ነው።

ይሁንና ስፍራ መስጠት ብዙውን ጊዜ ዋጋ መወሰንም ነው። ለዚህ ከአገራችን ታሪክ የመሬት ግብር ሁነኛ ምስክር ይሆናል። የተለካ መሬት ለም፣ ለም ጠፍ እና ጠፍ ተብሎ በሦስት ይመደብ ነበር። በ1937 ዓ.ም. የወጣው የመሬት ግብር አዋጅ በአንድ ጋሻ ላይ፣ የአሥራቱን ምትክ ጨምሮ፣ ለለም 50 ብር፣ ለለም ጠፍ 40 ብር፣ ለጠፍ 15 ብር ወሰነ። ስያሜዎቹ የአፈሩን ተፈጥሮ ብቻ ሳይሆን መሬቱ ሰው የሰፈረበትና የታረሰ መሆን አለመሆኑንም የሚያመለክቱ ነበሩ። ጠፍነት የዘለዓለም ጠባይ አይደለም፤ ጠፍ የነበረው መሬት ሊቀና፣ ለም የነበረውም ሊራቆት ይችላል። መዝገቡ ሳይታደስ ከቆየ ግን ገበሬው የሚከፍለው በማሳው ልክ ሳይሆን በቀድሞው ጸሓፊ ቃል ልክ ይሆናል።

በ1950ዎቹና በ1960ዎቹ ቃሉ ሌላ ሸክም ተጨመረበት። በ1957 ዓ.ም. «መሬት ለአራሹ» ብለው አደባባይ የወጡት ተማሪዎችና ተከታዮቻቸው፣ በሀብትና በሥራ የተለያየውን የኅብረተሰብ ወገን «መደብ» አሉት። ከ1966ቱ አብዮት በኋላ «የመደብ ትግል» የሬዲዮና የቀበሌ ስብሰባ ቋንቋ ሆነ። የካቲት 25 ቀን 1967 ዓ.ም. የታወጀው የገጠር መሬት አዋጅ የባለመሬትንና የጭሰኛን ግንኙነት ሲያፈርስ፣ በዚሁ ቃል የተነገረው ጥያቄ እውነተኛ መሠረት እንደ ነበረው አሳየ። በ1969 እና በ1970 ዓ.ም. በቀይ ሽብር ወራት ግን «የመደብ ጠላት» ተብሎ መፈረጅ ሕይወትን የሚያስከፍል ሆነ። ማረፊያ የነበረው ቃል በዚያን ጊዜ ወደ ክስነት ተለወጠ።

እኛ መሐንዲሶች ይህ አይመለከተንም እንል ይሆናል። በመንገድ ሥራ በሚሠራበት አንድ የታወቀ ሥርዓት፣ 0.075 ሚሊ ሜትር ቀዳዳ ባለው ወንፊት ከ35 በመቶ በላይ የሚያልፍ አፈር ከደለልና ከሸክላ ምድብ ይገባል። ገበሬው «ዋልካ» የሚለው ጥቁር አፈር በዚህ መለኪያ ከመጨረሻዎቹ ተርታ ይመደባል፤ ሲረጥብ ያብጣል፣ ሲደርቅ ይሰነጠቃል፣ መንገድንና ግድግዳን ያናጋል። ለገበሬው ግን እርጥበት ይዞ የሚያቆይ የጤፍ ማሳው ነው። አፈሩ አንድ ሲሆን ሁለት መደብ ያገኘው፣ የሚፈለግበት ጉዳይ ሁለት ስለ ሆነ ነው።

በአንድ የግንባታ ሥራ ላይ የደረሰብኝን ልጨምር። የሠራተኞችን የክፍያ ዝርዝር ስፈርም፣ ለኮንክሪት ቅርጽ የሚሆነውን እንጨት 20 ዓመት ያህል ሲገጣጥሙ የኖሩ አናጢ ማስረጃ ወረቀት ስለሌላቸው ብቻ ከተራ የቀን ሠራተኛ መደብ መጻፋቸውን ሳላስተውል አለፍኩ። በሁለተኛው ወር መጥተው፣ «ኢንጂነር፣ እርስዎ በጻፉኝ መደብ ላይ እኔ ተቀምጬ አላውቅም» አሉኝ። በሥራ ተፈትነው ምድባቸው ተስተካከለ፤ የሁለቱ ወር ልዩነት ግን አልተመለሰላቸውም። ፊርማው የእኔ ነበር።

እንግዲህ መመደብ የማይቀር ከሆነ፣ በምን መለኪያ፣ ለየትኛው ጉዳይና እስከ መቼ እንደመደብን አብረን መጻፍ ይገባናል። አፈር ቢያኮርፍ በስንጥቅ ይነግረናል፤ ሰው ግን ዝም ብሎ ሊሄድ ይችላልና፣ የተመዳቢው ቃል የሚሰማበት ዓምድ ከመዝገባችን ሊጎድል አይገባም።