ውሃ ከዙፋኑ የወረደ ዕለት

ኬሚስትሪ የተማረ ሁሉ ይቺን ነገር ሳይሸመድድ አላለፈም፤ ቁስ አካል ንጥረ ነገር፣ ውህድና ድብልቅ ተብሎ ይከፈላል። ሸመደድን፣ ተፈተንን፣ ረሳን። ግን እስቲ ልጠይቃችሁ፤ ውሃ ውህድ መሆኑ በምን ታወቀ? ስታዩት እኮ ከምንም የተዋሃደ አይመስልም!

አባቶቻችን የሰው ሥጋ ከመሬት፣ ከውሃ፣ ከነፋስና ከእሳት ተሠራ ይላሉ፤ አራቱ ባሕርያተ ሥጋ። ግሪኮቹ እነ አሪስቶትልም ምድራዊውን ዓለም ያዋቀሩት በእነዚሁ በአራቱ ነው። ሐሳቡ አውሮፓ ውስጥ ሁለት ሺህ ዓመት ያህል ነገሠ።

ከዙፋኑ ካወረዱት አንዱ ፈረንሳዊው አንትዋን ላቯዚዬ ነው። በ1783 (ዘመኑ ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ነው) ከላፕላስ ጋር ሆኖ ሃይድሮጅንን በኦክስጅን አቃጠለ። የተገኘው ውሃ ሆነ! እንግሊዛዊው ካቨንዲሽም ቀድሞ ተመሳሳይ ሙከራ አድርጎ ነበር። ላቯዚዬ ግን ነገሩን ገልብጦም ሞከረው፤ እንፋሎትን በጋለ የብረት ቱቦ ውስጥ አሳለፈ። ብረቱ ኦክስጅኑን ያዘ፣ ሃይድሮጅኑ በወዲያኛው ጫፍ ወጣ። የገጠሙትን መልሶ መፍታት ከተቻለ ምን ክርክር ቀረ?

የቀሩትም አልተረፉም። አየር በዋናነት የናይትሮጅንና የኦክስጅን ድብልቅ ነው። አፈር የብዙ ነገሮች ቅልቅል ነው። እሳት ደግሞ ነገሮች ሲቃጠሉ የምናየው ሂደት እንጂ ራሱን የቻለ ንጥረ ነገር አይደለም። ከአራቱ አንዱም ፈተናውን አላለፈም!

በ1789 ላቯዚዬ የ33 ንጥረ ነገሮችን ዝርዝር በመጽሐፍ አወጣ። ብርሃንና ሙቀት እንኳ ገብተውበታል፤ ግድግዳ የምንቀባበት ኖራም አለ። ታዲያ ይህ ሰው ከአሪስቶትል በምን ተሻለ? በትርጉሙ። ለእሱ ንጥረ ነገር ማለት እስካሁን ከዚያ በላይ መፍታት ያልቻልነው ነገር ነው። ኖራን የመሳሰሉት አንድ ቀን ከዝርዝሩ እንደሚወጡም ጠርጥሮ ነበር። በ1808 ሃምፍሪ ዴቪ በኤሌክትሪክ ኃይል ከኖራ ካልሲየምን አወጣ።

ላቯዚዬ ይህን አላየም። ግብር በኮንትራት ከሚሰበስቡት ባለሀብቶች አንዱ ነበርና ግንቦት 8 ቀን 1794 አብዮቱ በ50 ዓመቱ አንገቱን ቀላው።

እኛ ደብተራችን ላይ ሦስቱን ክፍሎች አስፍረናል። የቀረችው የእሱ ቃል ናት፤ «እስካሁን»።