ገዴራ እንዴት ተቆረቆረች?

ልጆቻችን በትምህርት ቤት ስለ ቢሉዊም ይማራሉ። እነዚያ ሰዎች እንደ እኛው አዲስ ገቢዎች ነበሩና እኛ ወላጆችም ታሪካቸውን ብናውቅ ይጠቅመናል።

በ1881 እ.ኤ.አ. በሩሲያ ግዛት በአይሁድ ላይ ግድያና ዝርፊያ ደረሰ። በማግሥቱ ዓመት በካርኮቭ ከተማ ተማሪዎች ተሰባስበው ወደ አባቶቻቸው አገር ሄደው መሬት ለማረስ ተስማሙ። ማኅበራቸውንም ከትንቢተ ኢሳይያስ ምዕራፍ 2 ቁጥር 5 የቃላት መነሻ ፊደላትን ወስደው «ቢሉ» አሉት። በሐምሌ 1882 የመጀመሪያዎቹ 14ቱ ያፎ ወደብ ደረሱ። ብዕር እንጂ ዶማ ያልለመደው እጃቸው በሚቅዌ እስራኤል የእርሻ ትምህርት ቤት በቀን ሠራተኝነት ተፈተነ።

በ1884 በሐኑካ ሰሞን ዘጠኝ ወጣቶች ይሒኤል ሚካኤል ፒነስ በገዛላቸው መሬት ላይ ሰፈሩ። ስሟን ከመጽሐፈ ኢያሱ ወስደው ገዴራ አሏት። መኖሪያቸው አንዲት የእንጨት ጎጆ ብቻ ነበረች። የቱርክ መንግሥት ቤት እንዳይሠሩ ስለከለከላቸው በ1888 ጉድጓድ ቆፍረው የከብቶቻቸው በረት አደረጉት፤ ጉድጓዱ እስከ ዛሬ ይጎበኛል። ሌሎቹን ሰፈሮች ባሮን ሮትሽልድ ሲረዳ፣ ገዴራ የቆመችው በሖቬቬ ጽዮን ማኅበር እርዳታ ነው። እህል ዘሩ፣ ወይን ተከሉ። መሬቱን ከዚያ በፊት ያርሱ ከነበሩት ከቃትራ መንደር ገበሬዎች ጋር ግን ብዙ ጊዜ ተጣልተዋል።

በ1912 ከየመን የመጡ ቤተሰቦች ተጨመሩ። ከብዙ ዓመታት በኋላም ብዙ የቤተ እስራኤል ቤተሰቦች በዚያችው ገዴራ ሰፈሩ።

እዚህ ላይ አንድ ነገር እናስተውል። ቢሉዊም መሬት ነበራቸው፣ እርሻ ግን አያውቁም ነበር። የእኛ አባቶች በጎንደር አገር እርሻን ከልጅነታቸው ያውቁ ነበር፤ ርስት ግን ስለተከለከሉ በሌላው መሬት ላይ ያርሱ ነበር። እስራኤል ስንገባም አብዛኞቻችን የደረሰን ፎቅ ቤት እንጂ ማሳ አይደለም። ስለዚህ ልጆቻችን አባታቸው ገበሬ እንደነበረ ረስተው «ምንም የማያውቅ» ሊመስላቸው ይችላል።

እንግዲህ ልጅዎ የቢሉዊምን ታሪክ ተምሮ ሲመጣ፣ አዳምጡት። ከዚያ ሞፈርና ቀንበር እንዴት እንደሚዘጋጅ፣ ጤፍ በየትኛው ወር እንደሚዘራ ንገሩት።