በጎረቤት ዒላማ ላይ ያረፈችው ጥይት

የአሜሪካ የእርስ በርስ ጦርነት ሲያበቃ አንድ ሐቅ የሰሜኑን መኮንኖች አሳፈረ፦ ወታደሩ ጠመንጃ ነበረው፤ ማነጣጠር ግን አያውቅም። በ1871 እ.ኤ.አ. የተኩስ ማኅበር መሠረቱ፤ በ1873 በሎንግ አይላንድ የክሪድሙር ተኩስ ሜዳ ተከፈተ።

በዓመቱ፣ ሴፕቴምበር 26 ቀን 1874፣ ዝነኞቹ የአየርላንድ ተኳሾች ለግጥሚያ መጡ። በየቡድኑ 6 ሰው፤ ርቀቱ 800፣ 900 እና 1000 ያርድ። አየርላንዶቹ በአፈሙዙ የሚጎርስ ጠመንጃ፣ አሜሪካኖቹ ከኋላ የሚጎርሱትን ሬሚንግተንና ሻርፕስ ይዘዋል። ብዙዎች ነገሩን የጠመንጃዎች ፉክክር አድርገው አዩት።

ነገር ግን በዚያ ርቀት ጠመንጃ ብቻውን አያዋጣም። ነፋሱን መገመት፣ ትንፋሽን መያዝ፣ አፈሙዙ እንዳይወዛወዝ ሰውነትን መሬት ላይ ማደላደል ግድ ነው። በጀርባው ተንጋሎ የተኮሰም ነበር።

አሜሪካ 934፣ አየርላንድ 931 ሆነ። ልዩነቱ 3 ነጥብ ብቻ! ከአየርላንዶቹ አንዱ፣ ሚልነር፣ በ900 ያርድ ዒላማውን መሃሉ ላይ መትቶ ነበር፤ ዒላማው ግን የእሱ ሳይሆን የጎረቤቱ ነበር። 4 ነጥብ የሚያወጣው ጥይት ዜሮ ተያዘ።

እጁ አልተንቀጠቀጠም፣ ጠመንጃውም አልከዳውም። የጎደለው ከመተኮሱ በፊት የትኛው ዒላማ የእሱ እንደሆነ ማረጋገጥ ነበር። ዛሬም መሣሪያ በመግዛት ብቻ ድል የሚመጣ ለሚመስላቸው ይህች 4 ነጥብ ትበቃለች።