ያገለገለ መኪና ምዝገባና ኢንሹራንስ በጀርመን

በጀርመን ያገለገለ መኪና ምዝገባና ኢንሹራንስ ማለት ከሌላ ባለቤት የተገዛን መኪና በአዲሱ ባለይዞታ ስም አዙሮ በሕዝብ መንገድ ላይ ለመንዳት የሚፈጸም ሥርዓት ነው። ሕጉ ለዜጋም ለውጭ አገር ሰውም አንድ ነው። ሆኖም ከውጭ የመጣ ነዋሪ በሚያቀርበው የመታወቂያ ሰነድ፣ በመንጃ ፈቃዱና በኢንሹራንስ ታሪኩ ከሌላው ይለያል። በጀርመን ኢንሹራንስ ከምዝገባ ይቀድማል፤ የመድን ማረጋገጫ ያልያዘ ሰው ታርጋ አይሰጠውም። ታርጋ ማግኘት ግን የመንዳት መብት ማግኘት አይደለም።

ግዢና ሰነዶች

እያንዳንዱ የተመዘገበ መኪና ሁለት ሰነዶች አሉት። ክፍል አንድ መኪናው በሚነዳበት ጊዜ ሁሉ ከሹፌሩ ጋር መሆን ያለበት ወረቀት ነው። ክፍል ሁለት ኢትዮጵያ ውስጥ «ሊብሬ» ለሚባለው የቀረበ ሲሆን በመኪናው ውስጥ ሳይሆን በቤት ይቀመጣል። ሰነዶቹ የአሁኑን ስያሜ ያገኙት እ.ኤ.አ. በ2005 ሲሆን፣ ሕዝቡ ግን ክፍል ሁለትን ዛሬም በድሮ ስሙ «ብሪፍ» ይለዋል።

በክፍል ሁለት ላይ ስም መስፈሩ ብቻውን የባለቤትነት ማስረጃ አይደለም። ቢሆንም ሻጩ ሰነዱን ማሳየት ካልቻለ መኪናው በብድር የተያዘ ወይም የተሰረቀ ሊሆን ይችላል። ሰነዱን ሳያይ የገዛ ሰው በፍርድ ቤት «በቅን ልቦና ነው የገዛሁት» ብሎ መከራከር ይቸግረዋል። መኪናው የተሰረቀ ከሆነ ደግሞ ሰነዱን አይቶ የገዛም ቢሆን ባለቤት አይሆንም። ስለዚህ ገንዘብ ከመከፈሉ በፊት የሻጩ መታወቂያ፣ በሰነዱ ላይ ያለው ስምና የሻንሲ ቁጥሩ ይመሳከራሉ።

ከማን እንደተገዛም ለውጥ ያመጣል። ነጋዴ ለግል ተጠቃሚ ሲሸጥ ለጉድለት ያለበትን ኃላፊነት ከአንድ ዓመት በታች ማሳጠር አይችልም። የግል ሻጭ ግን በውሉ ላይ ኃላፊነቱን ሙሉ በሙሉ ማስቀረት ይችላል፤ ሆን ብሎ የደበቀው ጉድለት ካለ ግን ከተጠያቂነት አያመልጥም።

የቴክኒክ ምርመራ

አዲስ መኪና ከመጀመሪያው ምዝገባ ከሦስት ዓመት በኋላ፣ ከዚያም በየሁለት ዓመቱ ይመረመራል። ምርመራው ከታወቁት መርማሪ ድርጅቶች በአንዱ ስም «ቱፍ» ተብሎ ይጠራል። ያለፈ መኪና በኋላ ታርጋው ላይ ክብ ተለጣፊ ይደረግለታል። ተለጣፊው እንደ ኢትዮጵያው ቦሎ ቢታይም ቀጣዩን የምርመራ ወርና ዓመት እንጂ የግብር ክፍያን አያመለክትም። የምርመራ ጊዜው ያለፈበት መኪና በአዲስ ስም አይመዘገብም።

ኢንሹራንስ

የሦስተኛ ወገን ኢንሹራንስ ግዴታ ነው። በሰው ላይ ለሚደርስ ጉዳት የሕጉ ዝቅተኛ ሽፋን በአንድ አደጋ 7.5 ሚሊዮን ዩሮ ነው። የራስን መኪና የሚሸፍነው «ካስኮ» በፈቃደኝነት የሚገባ ሲሆን ሁለት ዓይነት አለው። ከፊል ካስኮ ስርቆትን፣ እሳትን፣ አውሎ ነፋስንና የመስታወት ስብራትን ይሸፍናል። ሙሉ ካስኮ በዚህ ላይ ባለመኪናው ራሱ ያደረሰውን አደጋ ይጨምራል።

ኩባንያው ውሉን ሲቀበል ሰባት ፊደላትና ቁጥሮች ያሉት የኤሌክትሮኒክ ማረጋገጫ ይሰጣል። የምዝገባ ቢሮው መኪናው ኢንሹራንስ እንዳለው የሚያረጋግጠው በዚህ ነው።

የዓመቱ ክፍያ በመኪናው ሞዴል፣ በመኖሪያ አካባቢና በተለይ ያለ አደጋ በተቆጠሩ ዓመታት ይወሰናል። አዲስ ገቢ ብዙ የሚከፍለው እዚህ ላይ ነው፤ በአገሩ ለብዙ ዓመታት ያለ አደጋ ቢነዳም በጀርመን ኩባንያ መዝገብ ላይ ጀማሪ ሆኖ ሊቆጠር ይችላል። ከአውሮፓ ኅብረት ውጭ የመጣን የቀድሞ ኢንሹራንስ ደብዳቤ መቀበል አለመቀበል የኩባንያው ውሳኔ ነው። በዚህም ምክንያት የበርካታ ኩባንያዎችን ዋጋና መመዘኛ ማነጻጸር ይጠቅማል።

ምዝገባ

ምዝገባው የሚፈጸመው በመኖሪያ ከተማ ወይም ወረዳ የተሽከርካሪ ምዝገባ ቢሮ ነው። የውጭ አገር ነዋሪ የሚከተሉትን ያቀርባል፦

- ፓስፖርትና የመኖሪያ አድራሻ ምዝገባ ማረጋገጫ
- የመኪናውን ክፍል አንድና ክፍል ሁለት
- የኤሌክትሮኒክ መድን ማረጋገጫ ቁጥር
- የቴክኒክ ምርመራ ማስረጃ
- ግብሩ ከባንክ ሒሳብ እንዲቆረጥ የሚፈቅድ ቅጽ
- ታርጋው እንዲቀየር ከተፈለገ አሮጌውን ታርጋ

ቋንቋ የሚያስቸግረው ወይም ጊዜ የሌለው ሰው በጽሑፍ ውክልና ሌላ ሰው ሊልክ ይችላል። ታርጋውን የሚቀርጹት ብዙውን ጊዜ በቢሮው አጠገብ ያሉ የግል ሱቆች ናቸው፤ ቢሮው ማኅተም ይለጥፍበታል።

የተሽከርካሪ ግብር የሚሰበስበው የጉምሩክ መሥሪያ ቤት ነው። ከሐምሌ 2009 እ.ኤ.አ. ወዲህ ለመጀመሪያ ጊዜ ለተመዘገቡ መኪኖች ግብሩ በሞተር መጠንና በሚለቁት ካርቦን ዳይኦክሳይድ ይሰላል። ከሞተሩ በኩል ለእያንዳንዱ 100 ኪዩቢክ ሴንቲ ሜትር የቤንዚን መኪና 2 ዩሮ፣ የናፍጣ መኪና 9.50 ዩሮ ይከፍላል።

መንጃ ፈቃድ

መኪና ለማስመዝገብ መንጃ ፈቃድ አያስፈልግም። ስለዚህ ሰው ታርጋና ኢንሹራንስ በእጁ ይዞ የመንዳት መብት ላይኖረው ይችላል። ከአውሮፓ ኅብረትና ከአውሮፓ ኢኮኖሚ ቀጠና ውጭ የተሰጠ መንጃ ፈቃድ በጀርመን መኖር ከተጀመረ በኋላ በመደበኛነት የሚያገለግለው ለስድስት ወር ነው። እንደ ጃፓንና ደቡብ ኮሪያ ያሉ አገሮች ፈቃድ ያለ ፈተና ይቀየራል። ኢትዮጵያ በዚህ ዝርዝር ውስጥ ስለሌለች የኢትዮጵያ መንጃ ፈቃድ ያለው ሰው የጽሑፍና የተግባር ፈተና ማለፍ አለበት፤ ለጀማሪዎች የተደነገገውን የግዴታ ሥልጠና ግን እንዲወስድ አይገደድም።

የማይጸና ፈቃድ ይዞ መንዳት እስከ አንድ ዓመት እስራት ወይም መቀጮ ያስከትላል። ፈቃድ እንደሌለው እያወቀ መኪናውን ለወዳጅ ወይም ለዘመድ የሚያውስ ባለመኪናም ይጠየቃል። አደጋ ቢደርስ ኢንሹራንሱ ለተጎጂው ይከፍላል፤ ከዚያ በኋላ ግን ደንበኛውን እስከ 5,000 ዩሮ መልሶ መጠየቅ ይችላል።

ውልን ማቋረጥ

አብዛኛው የኢንሹራንስ ውል ከዘመን መለወጫቸው ጋር ታኅሣሥ 31 ቀን (በፈረንጆች አቆጣጠር) ያበቃል። ኩባንያ መቀየር የሚፈልግ ሰው የስንብት ደብዳቤው እስከ ኅዳር 30 ቀን እንዲደርስ ማድረግ አለበት። አገር የሚለቅ ሰው መኪናውን ከመዝገብ ካሰረዘ ግብሩ ይቆማል። ያለ አደጋ የነዳባቸውን ዓመታት የሚገልጽ ደብዳቤ ከኩባንያው ይዞ መሄዱም በሚቀጥለው አገር እንደገና ከዜሮ እንዳይጀምር ሊረዳው ይችላል።