ጸሐፊ ያጣ ውሻ

ከሳሪስ እስከ ጀሞ፣ ከጎፋ እስከ ላፍቶ፣ በንፋስ ስልክ ላፍቶ መንደሮች የሚዘዋወር ሰው በየብረት በሩ ላይ አንድ ዓይነት ጽሑፍ ያነባል፤ «ኃይለኛ ውሻ አለ»። በከተማችን ስለ ውሻ ከተጻፈው ሁሉ በብዛት የሚነበበው ይኸው ሦስት ቃል ሳይሆን አይቀርም። ከበሩ በስተጀርባ ያለው ውሻ ስሙ ማን እንደሆነ፣ ከማን እንደተወለደ፣ እናቱ በምን እንደምትታወቅ የሚነግረን የለም። የፈረንጅ ዝርያ ነው ከተባለ ዋጋው ይጠራል፤ የአገር ውሻ ከሆነ ግን «እንዲያው ውሻ ነው» ተብሎ ይታለፋል።

እኔ በዚህ አካባቢ ብዙ ዘመን የኖርኩ፣ ከቤቴም ውሻ ጠፍቶ የማያውቅ ሰው ነኝ። ስለ ውሻ የተጻፈ ነገር ባገኘሁ ቁጥር ሳላነብ አላልፍም። ይህ ልማዴ አንድ ጥያቄ አሳደረብኝ። ለመሆኑ በዓለም ላይ ስማቸው የገነነ የውሻ ዝርያዎች ስማቸውን ያገኙት በሥራቸው ነው ወይስ በጻፈላቸው ሰው? ኮሊ የተባለው የበግ ውሻ ታሪክ ለዚህ ጥያቄ መልስ ይሰጣል ብዬ አምናለሁ። መልሱም ዞሮ ዞሮ የእኛኑ ውሻ ይመለከታል።

እረኛው ብዕር ሲያነሳ

ኮሊ ረጅም አፍንጫ ያለው፣ በአንገቱና በደረቱ ዙሪያ እንደ አንበሳ ጎፈር የተንዠረገገ ጸጉር የለበሰ፣ በፊልም «ላሲ» ተብሎ የታወቀው የስኮትላንድ ውሻ ነው። እንግሊዛዊው ሐኪም ጆን ካየስ እ.ኤ.አ. በ1570 ስለ ብሪታንያ ውሾች በላቲን ባሳተመው መጽሐፍ ውስጥ የእረኛን ውሻ ሲያነሳ አንድ ብልህ ነገር አስተውሏል። እንግሊዝ ተኩላ የሌለባት አገር ስለሆነች የእረኛው ውሻ ግዙፍና ጨካኝ መሆን አያስፈልገውም ይላል። ሥራው ከአውሬ ጋር መተናነቅ ሳይሆን በጌታው ድምፅና ፉጨት እየታዘዘ በጎችን ወደተፈለገው ቦታ መሰብሰብ ነው። በስኮትላንድም ቆይቶ ተኩላ ጠፋ። እንግዲህ እንዲህ ያለ ውሻ እንዲኖር መጀመሪያ አውሬው መጥፋት ነበረበት።

ሁለተኛው ምክንያት የሰው እጥረት ነው። ከ18ኛው መቶ ክፍለ ዘመን መገባደጃ ጀምሮ የስኮትላንድ ደጋ ባለርስቶች ጭሰኞቻቸውን እያፈናቀሉ መሬቱን ለበግ እርባታ አዋሉት። ገበሬው ወደ ከተማና ወደ አሜሪካ ተሰደደ። ተራራውም ለብዙ በግና ለጥቂት እረኛ ቀረ። አንድ ሰው በመቶ የሚቆጠር በግ የሚጠብቀው ውሻ ሲኖረው ብቻ ነበር።

ይህን ከሁሉ አጥርቶ የጻፈው ራሱ እረኛ የነበረው ጄምስ ሆግ (1770–1835) ነው። ሆግ ትምህርት ቤት የቆየው ለጥቂት ወራት ብቻ ሲሆን መጻፍን የተለማመደው በግ እየጠበቀ ነው። «ሲራ» የሚባለውን ውሻውን የገዛው ከአንድ ከብት ነጂ በአንድ ጊኒ ነበር፤ በገመድ እየተጎተተ ሲያልፍ ያየው የተራበ ከሲታ ውሻ ነው። ከዕለታት አንድ ሌሊት 700 ያህል ግልገሎች በጨለማ ሦስት ቦታ ተከፍለው ተበተኑ። ሆግና ባልንጀራው ሌሊቱን ሙሉ ፈልገው አጡ። ሲነጋ ግን ሲራ ብቻውን ሁሉንም ሰብስቦ በአንድ ሸለቆ ውስጥ ቆሞ ሲጠብቃቸው አገኙት። ሆግ በ1820ዎቹ ይህን ሲጽፍ፣ ያለ እረኛ ውሻ የስኮትላንድ ተራራ ዋጋ ቢስ እንደሚሆንና የበጉ ትርፍ ለጠባቂዎቹ ቀለብ እንኳ እንደማይበቃ አስረድቷል። ውሻውን ያሞገሰው በፍቅር ብቻ አልነበረም። በሒሳብም ጭምር ነበር።

ከእረኛው ጎጆ ወደ አዳራሽ

ከዚያ በኋላ የሆነው ፈጣን ነው። በ1859 በእንግሊዟ ኒውካስል ከተማ የውሻ ትርኢት ተደረገ። በ1860 በበርሚንግሃም ለስኮትላንድ የበግ ውሾች የራሳቸው ምድብ ተሰጣቸው። ንግሥት ቪክቶሪያ በባልሞራል ቤተ መንግሥቷ ኮሊዎችን ማቅረብ ስትጀምር ደግሞ የእረኛው ጓደኛ የመኳንንት ጌጥ ሆነ። በ1873 የብሪታንያ የውሻ ማኅበር ሲቋቋም የእያንዳንዱን ውሻ የዘር ሐረግ በመዝገብ መያዝ ተጀመረ። በዚያው ዓመት በጥቅምት ወር በዌልስ ባላ በምትባል ስፍራ የእረኛ ውሾች የሥራ ውድድር ተካሄደ፤ ያሸነፈውም የስኮትላንዳዊው ጄምስ ቶምሰን ውሻ ትዊድ ነው። ኮሊ ከዚህ በኋላ ሁለት መንገድ ያዘ። አንደኛው በመልኩና በጸጉሩ የሚለካው የትርኢት ኮሊ ነው። ሁለተኛው በሥራው የሚለካው፣ ኋላ «ቦርደር ኮሊ» የተባለው ነው።

የትርኢቱ ኮሊ ዕድሜ ልኩን የሚጽፍለት ሰው ያገኘው በአሜሪካ ነው። አልበርት ፔይሰን ተርሁን በ1872 ተወለደ። እናቱ ታዋቂ ደራሲ ነበረች። እሱም በኒው ዮርክ ጋዜጠኛ ሆኖ ከሃያ ዓመት በላይ ሠራ። በኒው ጀርሲ በሐይቅ ዳር በሚገኘው ሰኒባንክ በተባለው የቤተሰቡ ርስት ላይ ኮሊ አራባ፣ በትርኢት አወዳደረ፣ ስለ እነሱም ጻፈ። «ላድ» የተባለው ውሻው በ1918 ሞተ። በቀጣዩ ዓመት ስለ እሱ የጻፋቸውን ታሪኮች በመጽሐፍ አሳተመ። ከዚያም እስኪሞት ድረስ፣ እስከ 1942፣ ከሠላሳ የሚበልጡ መጻሕፍት አከታተለ። ሐያስያን ውሻን እንደ ሰው ያናግራል እያሉ ይተቹታል፤ ትችቱም መሠረት የለውም አልልም። ነገር ግን ቤቱ በ1969 ፈርሶ እንኳ የውሾቹ መቃብር የሕዝብ መናፈሻ ውስጥ ተጠብቆ ቀርቷል፤ አንባቢም ዛሬም ይጎበኘዋል።

የላሲ ደራሲ ኤሪክ ናይት ግን የመጣው ከድህነት ነው። በእንግሊዝ ዮርክሻየር ተወልዶ በልጅነቱ በፋብሪካ ሠርቷል። በ1940 ባሳተመው ልብ ወለድ ሥራ ያጣ የማዕድን ሠራተኛ የልጁን ውሻ በችግር ምክንያት ለመስፍን ይሸጣል፤ ውሻይቱም ከስኮትላንድ ድረስ በእግሯ ተጉዛ ወደ ልጁ ትመለሳለች። ናይት በጥር 1943 በአውሮፕላን አደጋ ሞተ። በዚያው ዓመት የወጣውን ፊልም አላየም። ላሲን ሆኖ የተወነው «ፓል» የሚባል ወንድ ውሻ ነበር።

እኛስ?

ታዲያ በግ ከስኮትላንድ የማያንስባት ኢትዮጵያ ለምን ኮሊ የመሰለ ውሻ አላበቀለችም? መልሱ በካየስና በሆግ ጽሑፍ ውስጥ ተገልብጦ ይገኛል። በመጀመሪያ ደረጃ የእኛ ጅብ አልጠፋም። የመንዝም ሆነ የባሌ ገበሬ የሚፈልገው ሌሊት ጅብ ሲመጣ የሚጮህና የሚጋፈጥ ውሻ ነው። በሁለተኛ ደረጃ በጎችን የሚሰበስብ ሌላ አለን፤ እሱም እረኛው ልጅ ነው። በእጁ ጅራፍ፣ በወገቡ ወንጭፍ ይዞ ከማለዳ እስከ ምሽት በጎቹን የሚያግደውና የሚመልሰው የሰባትና የስምንት ዓመት ሕፃን በስኮትላንድ ኮሊ የሚሠራውን ሥራ ሲሠራ ኖሯል። እዚያ የውሻው ብልሃት የሰውን ጉልበት ተካ። እዚህ የልጅ ጉልበት የውሻውን ብልሃት ተካ። ስንት ልጅ በዚህ ምክንያት ከትምህርት እንደቀረ የገጠር ሰው ሁሉ ያውቀዋል።

ሦስተኛው ምክንያት ብዕሩ በማን እጅ እንደነበረ ነው። በአገራችን ለብዙ ዘመን የጻፈው የቤተ ክህነት ተማሪ ነው። እሱ ደግሞ የቆሎ ተማሪ ሆኖ ደበሎ ለብሶ፣ አኮፋዳ አንግቶ ከደጅ ደጅ ቁራሽ ሲለምን በየአጥሩ የሚቀበለው ውሻ ነበር። የቆሎ ተማሪና ውሻ ጠላትነታቸው ጥንታዊ ነው፤ ተማሪው ያለ ዱላ አይወጣም። ሆግ ብዕር ሲያነሳ ውሻው ከጎኑ ተኝቶ ነበር። የእኛ ሊቅ ብዕር ሲያነሳ የውሻ ንክሻ ጠባሳ በባቱ ላይ ነበር። ፍርዱን ለአንባቢ እተወዋለሁ።

መጻሕፍቱም ይህን ጠባሳ አላስረሱትም። በመጽሐፈ ሄኖክ ሕልም ውስጥ ውሾች በጎቹን ከሚበሉት አራዊት ይቆጠራሉ። እርግጥ ኢዮብ ስለ መንጋው ውሾች ይናገራል፤ በመጽሐፈ ጦቢትም አንድ ስሙ ያልተጠቀሰ ውሻ ጦብያን በመንገዱ ተከትሎት ይሄዳል፤ አብሮትም ይመለሳል። ነገር ግን ከተረታችንና ከስድባችን ውስጥ የገባው ያ ታማኝ መንገደኛ አይደለም። «ውሻ በበላበት ይጮሃል» ስንል እንኳ ማመስገናችን ይሁን መናቃችን አይለይም።

የፈረስን ዕድል ከዚህ ጋር ማስተያየት ነው። ባለቤቱ በፈረሱ ስም ይጠራል፤ ቴዎድሮስ «አባ ታጠቅ»፣ ምኒልክ «አባ ዳኘው»፣ ባልቻ «አባ ነፍሶ»። ከብቱም የፎገራ፣ የቦረና እየተባለ በአገሩ ይታወቃል፤ የመንዝ በግ በምርምር ጣቢያ መዝገብ ተይዞለታል። በግ የሚጠብቀው የመንዝ ውሻ ግን እንዲህ ያለ ስም የለውም። ከአገራችን ውሾች ስሙ በባሕር ማዶ መጽሐፍ የገባው ሉሉ ነው፤ የቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ትንሽ ውሻ። ፖላንዳዊው ሪሻርድ ካፑሺንስኪ በ1978 ያሳተመው «ንጉሠ ነገሥቱ» ታሪኩን የሚጀምረው በእሱ ነው። የተረኩ እውነትነት ብዙ አከራክሯል። ሉሉም ቢሆን የፈረንጅ ዝርያ ነበር።

የመዝገብ ጉዳትና ጥቅም

መዝገብ ግን በረከት ብቻ አይደለም። ከትንሽ የዘር ክበብ ውስጥ ብቻ ማራባት ለኮሊ በሽታም አውርሶታል። በአገራችን ለከብት ጥገኛ ተባይና ለወንዝ ዳር ዓይነ ስውርነት በሽታ የሚሰጠው አይቨርሜክቲን ለብዙ ኮሊዎች በትንሽ መጠን እንኳ መርዝ ነው። በ2001 አሜሪካዊት ተመራማሪ ካትሪና ሚሊ ምክንያቱ አንድ የተበላሸ ዘረመል መሆኑን አሳወቀች። ከአሥር ኮሊ ሰባት ያህሉ ይህን ዘረመል ይሸከማሉ። በ2004 የወጣ ጥናት ደግሞ ምንጩ የዘር መዝገብ ከመጀመሩ ከ1873 በፊት በብሪታንያ የኖረ አንድ ውሻ ሳይሆን እንደማይቀር አመለከተ። ዝርያውን በአጥር የዘጋው መዝገብ ጉዳቱን አበዛው። የውሾቹን ዘር አውቆ ያቆየውም መዝገብ የጉዳቱን ምንጭ ለማግኘት ረዳ። በግቢው ኮሊ ያለው የአዲስ አበባ ሰው ለእከክ መድኃኒት ከማስወጋቱ በፊት ይህን ለእንስሳት ሐኪሙ ቢያስታውስ መልካም ነው።

ለእኛ ውሻ የዘር ሐረግ ይጻፍለት፣ የመልክ ትርኢት ይዘጋጅለት አልልም። የእኛ ችግር ከዚያ ይቀድማል። ላፍቶ፣ ለቡና ጀሞ እርሻና ግጦሽ በነበሩበት ጊዜ ውሻው በረት ነበረው፤ ጌታውም ያውቀው ነበር። ግጦሹ ሰፈርና ኮንዶሚኒየም ሲሆን በጎቹ ሄዱ፤ ውሻው ግን ቀረ። ዛሬ በየመንገዱ ጥግ የምናየው «ባለቤት አልባ» ብዙው የዚያ ሥራ አጥ ጠባቂ ልጅና የልጅ ልጅ ይመስለኛል።

የማይቆጠር ውሻ ደግሞ አይከተብም። የእብድ ውሻ በሽታ በሰው ላይ ሲከሰት ከመቶ እስከ 99 የሚሆነው የሚተላለፈው ከውሻ ነው። ምልክቱ ከታየ በኋላ ማዳን አይቻልም ማለት ይቀላል። ሪቻርድ ፓንክኸርስት በ1970 ስለዚህ በሽታ ታሪክና ባህላዊ ሕክምና በኢትዮጵያ ባሳተመው ጥናት እንደሚታየው አገራችን ከዚህ ጋር የኖረችው ዛሬ አይደለም። በባሌ ተራሮችም እ.ኤ.አ. በ1991–92 እና በ2003–04 በሽታው ከእረኞች ውሾች ወደ ቀይ ቀበሮ ተሻግሮ ብዙዎቹን ፈጅቷል። በዓለም ላይ የቀሩት አዋቂ ቀይ ቀበሮዎች ከ500 አይበልጡም፤ የሚኖሩትም በእኛ አገር ብቻ ነው።

በመርዝ መግደል መፍትሔ አለመሆኑን የዓለም ጤና ድርጅት ደጋግሞ ተናግሯል። መፍትሔው ከመቶ ውሾች 70ዎቹን መከተብ ነው። ሰባው ከስንቱ እንደሆነ ለማወቅ ግን ቀድሞ መቁጠር ያስፈልጋል፤ ለመቁጠርም ስም ማውጣት፤ ስም ካወጡ በኋላ መጻፍ። የስኮትላንድ እረኛ ከሁለት መቶ ዓመት በፊት የተራበ ውሻ በአንድ ጊኒ ገዝቶ ያደረገው ይህንኑ ነው። በየወረዳው አንድ ደብተር፣ በየደብተሩ የውሻው ስም፣ የባለቤቱ ስም፣ የተከተበበት ቀን ይግባ። ለአገራችን ውሻ የሚገባው የመጀመሪያ መጽሐፍ ይህ ነው፤ ልብ ወለዱ ሊቆይ ይችላል።